ከኤዲሰን ጥያቄዎች እስከ ጉግል ሰሌዳ

ኮምፒውተር ሳይንስ የማስተምራቸው ልጆች የመመረቂያ ዓመታቸው ሲደርስ በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን ሲቪውንና ስቱደንት ኮፒውን ይዞ «0 ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ማስታወቂያ ፍለጋ ይወጣል። ሌላው ጉግልን፣ ማይክሮሶፍትን፣ አማዞንን እያለመ ሌሊቱን ከአልጎሪዝም ጥያቄ ጋር ሲታገል ያድራል። የምጽፈው ስለ ሁለተኞቹ ነው። ከእነዚህ ልጆች አንዱ ተፈትኖ ሳይሳካለት ሲቀር ምን እንደሚል አውቀዋለሁ፤ «እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም» ይላል። ይህ አነጋገር ያመኛል። ፈተናው ከሰማይ አልወረደም፤ ሰው ያበጀው፣ የመቶ ዓመት ታሪክ ያለው፣ ደጋግሞም የሳተ ነገር ነው። ልጆቻችን ይህን ታሪክ ቢያውቁት እወዳለሁ።

ምሩቅን በር ላይ አቁሞ መፈተንን በአሜሪካ ዝነኛ ያደረገው ቶማስ ኤዲሰን ነው። ራሱ ከኮሌጅ ሳይመረቅ ታላቅ ፈልሳፊ የሆነው ይህ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1921 ሥራ ፈልገው ለሚመጡ የኮሌጅ ምሩቃን ወደ 150 የሚጠጉ ጥያቄዎች አዘጋጀ። ፈረንሳይን የሚያዋስኗት አገሮች የትኞቹ ናቸው? ሊዮኒዳስ ማን ነበር? ስፋቱና ከፍታው ይህን ያህል በሆነ ክፍል ውስጥ ያለው አየር ስንት ይመዝናል? አብዛኛው ተፈታኝ ወደቀ። ኤዲሰንም የኮሌጅ ልጆች ምንም አያውቁም ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ጥያቄዎቹ ሾልከው ጋዜጣ ላይ ሲወጡ የአገር መነጋገሪያ ሆኑ። በዚያው ዓመት አሜሪካን ይጎበኝ የነበረው አልበርት አይንስታይን፣ የድምፅ ፍጥነት ስንት ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ከመጽሐፍ የሚገኘውን ነገር በጭንቅላቱ ይዞ እንደማይዞር መለሰ። የ1921 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የእርሱ ነው።

ኮምፒውተር ሲመጣ ጭንቀቱ መልኩን ቀየረ። በ1950ዎቹ የኮምፒውተር አምራቹ አይቢኤም ፕሮግራመር አጥብቆ ይፈልግ ነበር፤ ሙያውን የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ዕውቀትን ትቶ ዝንባሌን መለካት ያዘ። በ1955 «ፓት» በሚል ምሕጻር የሚታወቀውን የፕሮግራመር ዝንባሌ መመዘኛ አወጣ፤ የቀጣዩን ቁጥር ፈልግ፣ የቅርጾችን ዝምድና አግኝ፣ ይህን ሒሳብ አስላ የሚሉ ጥያቄዎች ነበሩበት። ቼዝ መጫወትና እንቆቅልሽ መፍታት ለሚወዱ ሰዎችም በጋዜጣ ጥሪ አደረገ። በዚያ ዘመን ከቀጠራቸው አንዱ የአሜሪካ የቼዝ ሻምፒዮን የነበረው አርተር ቢስጋየር ነው። ሎይስ ሄይብት የምትባል ወጣትም በ1955 ከቫሳር ኮሌጅ እንደወጣች በዓመት 5,100 ዶላር ተቀጠረች፤ ፕሮግራም ጽፋ አታውቅም ነበር። ሥራውን እዚያው ተምራ፣ በ1957 የወጣውን ፎርትራን የተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ከሠሩት ጥቂት ሰዎች አንዷ ሆነች። የእርሷን ታሪክ ለሴት ተማሪዎቼ ሁሉ እነግራለሁ።

ፓት ግን ሎይስን የመሰሉትን ሁሉ አላስገባም። በ1967 ብቻ ከ700,000 በላይ ሰዎች ተፈትነውበታል፤ ጥናቶች ግን በፈተናው ውጤትና በሥራ ላይ ብቃት መካከል ያገኙት ዝምድና ደካማ ነበር። ከዚህ የከፋው ደግሞ መልሶቹ በወንድ ተማሪዎች ማኅበራትና በወንዶች ክበቦች እጅ ለእጅ ይዘዋወሩ የነበረ መሆኑ ነው። መመዘኛው ችሎታን ይለካል ተብሎ ቆሞ፣ እግረ መንገዱን ማን ማንን እንደሚያውቅም ይለካ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገርም ይኸው ይመስለኛል።

የዊሊያም ሾክሌይ ታሪክ ደግሞ አለ። ትራንዚስተርን ከፈለሰፉት ሦስት ሰዎች አንዱ፣ የኖቤል ተሸላሚ፣ በ1956 በካሊፎርኒያ በስሙ የተጠራ ላቦራቶሪ ያቋቋመ ሰው ነው። ሥራ ፈላጊ ፊቱ ሲቀርብ ሰዓት ይዞ እንቆቅልሽ ይጠይቅ ነበር። በ1957 ጂም ጊበንስ የተባለውን ወጣት እንዲህ አለው፤ በአንድ የቴኒስ ውድድር 127 ተጫዋቾች አሉ፤ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ተጫውተው የተሸነፈው ይወጣል፤ አሸናፊው እስኪለይ ስንት ጨዋታ ያስፈልጋል? ብዙ ሰው ዙሩን እየደመረ 63፣ 32፣ 16 እያለ ይወርዳል። ጊበንስ ወዲያው 126 አለ። አንድ ጨዋታ አንድ ሰው ያስወጣል፤ ከአንዱ አሸናፊ በቀር 126ቱ መውጣት አለባቸው። ጥያቄውን ለተማሪዎቼ ስሰጥ ክፍሉ በደስታ ይነቃል፤ እኔም እወደዋለሁ። ነገር ግን ሾክሌይ ሮበርት ኖይስንና ጎርደን ሙርንም ወደ ኒውዮርክ ልኮ በሥነ ልቦና ፈተና አስመዝኗቸው ነበር፤ ውጤቱም ሁለቱ መቼም ጥሩ ሥራ አስኪያጅ አይወጣቸውም የሚል ነበር። በ1957 ከሌሎች ስድስት ባልደረቦቻቸው ጋር ጥለውት ወጡ። በ1968 ኢንቴልን መሠረቱ፤ ሁለቱም በየተራ መሩት።

የእንቆቅልሹን ልማድ ማይክሮሶፍት ወርሶ ለዓለም አዳረሰው፤ የጎዳና ቱቦ ክዳን ለምን ክብ ሆነ የሚለው ጥያቄ ዝና ያገኘው ከዚያ ነው። ጉግል በ2004 በሲሊከን ቫሊ አውራ ጎዳና ላይ ስሙን ሳይጽፍ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ብቻ ያለበት ሰሌዳ አቆመ። መልሱን ያገኘ ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ያንንም የፈታ ሲቪውን እንዲልክ ይጋበዛል። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ፣ በ2013፣ የዚያው ኩባንያ የሰው ኃይል ኃላፊ ላዝሎ ቦክ የእንቆቅልሽ ጥያቄዎች ጊዜ ከማባከን በቀር ምንም እንደማይተነብዩ ለኒውዮርክ ታይምስ ተናገረ። ከአራት ቃለ መጠይቅ በላይ ማድረግም ብዙ እንደማይጨምር ኩባንያው ራሱ አጥንቶ ደረሰበት።

አሁን ምሩቅ የሚያልፍበት መንገድ ታዲያ ይህ ነው። ማመልከቻ ይገባል፤ በኢንተርኔት ሰዓት የተቆረጠለት የኮድ ፈተና ይመጣል፤ ከዚያ እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ ገደማ የሚፈጁ ቃለ መጠይቆች ይከተላሉ። በጉግል ውሳኔው የጠያቂው ብቻ አይደለም፤ ጠያቂዎቹ የጻፏቸው ማስታወሻዎች ለቅጥር ኮሚቴ ይቀርባሉ። ከኤዲሰን ዘመን ጋር ሲነጻጸር ፍትሐዊ ነው፤ ጥያቄው ከሥራው ጋር ይቀራረባል፤ ሁሉም በአንድ መስፈርት ይመዘናል። ይህን ሳልክድ ነው ቀጣዩን የምለው።

አንዲት ተማሪዬን ለልምምድ ሰሌዳ ፊት አቆምኳት። የቁጥሮች ዝርዝር ሰጠኋትና ድምራቸው እዚህ ቁጥር የሚመጣ ሁለት ቁጥሮች ፈልጊ አልኳት። ማርከሯን ይዛ ዝም አለች። ደቂቃዎች አለፉ። ከዚያ ያለ አንድ ስህተት ጻፈችው፤ ያየችውን ቁጥር ሁሉ ሀሽ ቴብል በሚባል ሰንጠረዥ እያስቀመጠች ዝርዝሩን አንድ ጊዜ ብቻ የምታልፍበትን መፍትሔ። «ዝም ስትዪ ምን እያሰብሽ ነበር?» አልኳት። «መጀመሪያ ሁሉንም ጥንድ ልሞክር ብዬ ነበር፤ ዝርዝሩ ሲረዝም እንደሚዘገይ ገባኝ፤ ከዚያ የሜሞሪ ቦታ ከፍዬ ጊዜ ልግዛ አልኩ» አለችኝ። ጠያቂው ሊሰማ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ እርሱ ግን የሚጽፈው ዝምታዋን ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያስተማርናት እጅ የሚወጣው መልሱ ሲታወቅ ነው ብለን ነው፤ ታላቅ ሰው ፊት ያልበሰለ ሐሳብ ማውራት ድፍረት ነው ብለን ነው። ካሊፎርኒያ ያደገ ተማሪ ይህን ልማድ ከክፍሉ፣ ከታላቅ ወንድሙ፣ ከጓደኛው ይወስደዋል። የእኛዋ ከየት ታምጣው?

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ምሩቆቻችን ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፤ እርሱ ግን የሚመዝነው በምርጫ ጥያቄ የሚታየውን ዕውቀት ነው። ድምፅን አውጥቶ ማሰብን የሚያስለምድ ቦታ ያስፈልጋል። ይህ እንደሚቻል ያሳየ አለ። በቀድሞው የጉግል መሐንዲስ ኤምሬ ቫሮል የተመሠረተው ኤቱኤስቪ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በአዲስ አበባ ተማሪዎችን ለእነዚሁ ቃለ መጠይቆች ያሠለጥናል፤ ጉግል የገቡ ልጆችም አፍርቷል። ልጆቹ አልተለወጡም፤ የተለወጠው የሚለማመዱበት ቦታና የሚያዳምጣቸው ሰው ማግኘታቸው ነው። ፕሮግራሙ ግን ለአገሩ ሁሉ አይደርስም።

በሲያትል፣ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ፣ በለንደን የምትሠሩ ወገኖቼ፣ በዚህ በር አልፋችኋል፤ አንዳንዶቻችሁም ዛሬ ጠያቂዎች ናችሁ። ከጅማ፣ ከጎንደር ወይም ከሐሮማያ አንድ ተማሪ ያዙና በወር አንድ ሰዓት እንደ እውነተኛ ጠያቂ ጠይቁት። በመጨረሻ ምን እንደጻፋችሁበት ሳትደብቁ ንገሩት። ኔትወርክ ካስቸገረ ካሜራውን አጥፉ፤ ድምፅ ብቻ ይበቃል።