በርሜሉ ሄደ፤ አፈሩ ቀረ

የሀገራችን ታሪክ ሲጻፍ ነገሥታቱና ጦርነቶቹ ገጹን ይሞሉታል፤ አፈሩ የተሸከመው ግን ይዘለላል። ዛሬ ላነሣ የወደድሁት ይህንኑ የተዘለለ ገጽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1958 በደጋማው መሬታችን የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ 150,000 ያህሉም እንደሞተ ይገመታል። በዓመቱ የወባ ማጥፊያ ድርጅት ተቋቋመ፤ ዲዲቲ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ይረጭ ጀመር። በአንበጣና በተምች ላይ የሚዘምቱ ሌሎች መርዞችም፣ ብዙዎቹ በእርዳታ ስም፣ ተከተሉ። ነፍስ ማዳናቸውን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ከሚፈለገው በላይ የመጣው ጊዜው እያለፈበት በየመጋዘኑ ተከማቸ፤ በርሜሉ ዛገ፣ አፈሰሰ፤ አፈሩም ጠጣው።

እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2003 በተካሄደው ዘመቻ 1,500 ቶን ገደማ መርዝ ታሽጎ ወደ ፊንላንድ ተላከና በከፍተኛ ሙቀት ተቃጠለ። የሚመሰገን ሥራ ነበር። በርሜል ግን ተጭኖ ይሄዳል፤ አፈር ባለበት ይቀራል። በአፈር ውስጥ የገባው ዲዲቲ ግማሹ እንኳ እስኪጠፋ ከ2 እስከ 15 ዓመት ይወስዳል።

የተመረዘ አፈር በመጥረጊያ አይጠረግም፤ አቧራው ወደ ሠራተኛው ሳንባ ይገባልና። ቦታው ይታጠራል፤ ናሙና እየተወሰደ የመርዙ ጥልቀት ይለካል፤ የሚቆፈረው አፈር አቧራ እንዳያነሣ በጥቂቱ እየረጠበ፣ በማያፈስ ዕቃ ይታሸጋል። ከሁሉ የከፋው አዲስ አፈር አልብሶ መርሳት ነው።

በጎጃም ደጋ ደግሞ አፈር ተሸፍኖ አይቀመጥም። ከደብረ ማርቆስ ዙሪያ ክረምት በመጣ ቁጥር በጨሞጋ በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ የያዘውንም ይዞ ይወርዳል።

አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ያጽዳ፣ አለዚያም የማጽጃውን ወጪ ይክፈል ይላል። ለመሆኑ መርዙ የእርዳታ፣ መጋዘኑም የመንግሥት ሲሆን ከሳሹ ማን ነው? እኔ የምጠይቀው ቀላል ነው፤ በደብረ ማርቆስም ሆነ በሌላው ክፍል የቀድሞዎቹ የመርዝ መጋዘኖች ዝርዝር ለሕዝብ ይገለጽ፤ ቦታቸው ለትምህርት ቤት ወይም ለመኖሪያ ከመመራቱ በፊት አፈራቸው ይመርመር። መንግሥታት ይፈራረቃሉ፤ ዕዳው ግን ከመንበሩ ጋር ይወረሳል።