የቁራ መልእክተኛ፤ ለወታደራዊ ትምህርት ወደ ውጭ አገር ተልከው ስለ ቀሩ ኢትዮጵያውያን

በአገራችን አንድ ሰው ተልኮ የቀረ እንደ ሆነ «የቁራ መልእክተኛ» ይባላል። ምሳሌው ከኦሪት ዘፍጥረት የመጣ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ኖኅ የውሃውን መጉደል እንዲያይለት ቁራን ላከው፤ ቁራም ወጥቶ ቀረ። ከእርሱ በኋላ የተላከችው ርግብ ግን ተመለሰች። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ቁራ የወቀሳ፣ ርግብ የምስጋና ምሳሌ ሆነው ይኖራሉ።

ይህ አጭር ጽሑፍ የሚመረምረው የዚህን ወቀሳ አንድ ክፍል ነው። ይኸውም መንግሥት ለወታደራዊ ትምህርት ወደ ውጭ አገር ልኳቸው ሳይመለሱ የቀሩትን ሰዎች ነገር ነው። ጥያቄው «ለምን ቀሩ?» የሚል ሲሆን፣ የብዙ ሰው መልስ የታወቀ ነው፤ የውጭ አገር ሀብትና ምቾት አታለላቸው ይባላል። እኔ ግን የአገራችንን ታሪክ ስመለከት መልሱ ከተላኩበት አገር ይልቅ ከላካቸው አገር የሚገኝ ይመስለኛል።

ነገሩ ለባሕር ዳር ተማሪ ሩቅ አይደለም። አገራችን የባሕር በር ሳይኖራት ባሕር ኃይልዋን እንደገና ለማቋቋም በ2010 ዓ.ም. አሳቧን ገለጸች፤ በ2011 ዓ.ም. ለዚሁ ጉዳይ ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ተስማማች፤ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የመምሪያው መቀመጫ ባሕር ዳር እንዲሆን መታሰቡ በጋዜጣ ተነግሮ ነበር። ከዚያም አስቀድሞ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የባሕረኞች ትምህርት ተቋቁሞ፣ ከጣና ዳር የተማሩ ወጣቶች በውጭ አገር መርከቦች ላይ መሥራት ጀምረዋል። ከደንገል ታንኳ በቀር ሌላ ጀልባ ሳያይ ያደገ ልጅ ወደ ውቅያኖስ ይላካል ማለት ነው። ስለዚህ ከእርሱ በፊት የተላኩት ምን እንደ ሆኑ መጠየቅ ይገባናል።

በመጀመሪያ ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበል። አማርኛ ለዚህ ነገር ሦስት ቃላት አሉት። «ከዳ» የተባለ እንደ ሆነ መሐላውን አፈረሰ ማለት ነው፤ ይህ የመንግሥት ቃል ነው። «ኮበለለ» ሲባል ከቤቱ ወይም ከጌታው ተሰውሮ ሄደ ማለት ነው፤ ይህም የጌታው ቃል ነው። «ቀረ» የሚለው ግን ምክንያቱን ሳይናገር አለመመለሱን ብቻ ይገልጻል፤ ይህ የእናት ቃል ነው። እናት «ልጄ ከዳ» አትልም፤ «ልጄ እዚያው ቀረ» ትላለች። የታሪክ ተማሪ መንግሥትንም እናትንም መስማት አለበት።

የወታደር መክዳት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ ከዚሁ ከጣና ዳርም ምሳሌ አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ ደመወዝ የሚከፈለውና ሥርዓት ያለው ጦር ለማቆም ያሰቡ ንጉሥ ነበሩ። በ1858 ዓ.ም. በዘጌ ሰፍረው ሳለ በሽታ ሰፈሩን ስለ መታው ወደ ቆራጣ፣ ከዚያም ወደ ደብረ ታቦር ተዛወሩ። በእነዚያ ዓመታት ሠራዊታቸው በበሽታ ብቻ ሳይሆን በመክዳትም እየተመናመነ ሄደ። በኃይላቸው ዘመን በብዙ አሥር ሺህ ይቆጠር የነበረው ጦር በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ጥቂት ሺህ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ወታደሩን ያስከዳው ሌላ ጌታ የሰጠው የበለጠ ድርጎ ብቻ አልነበረም። ይልቁንም የትውልድ አገሩ በአመፅና በቅጣት ሲጠፋ ማየቱ ነው። እንግዲህ መክዳት ስለ ከሀዲው የሚናገረውን ያህል ስለ ተከዳውም እንደሚናገር ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመለስ። ከጣልያን ወረራ በፊት ወደ ፈረንሳይ አገር፣ ሴን ሲር ወደተባለው የጦር ትምህርት ቤት የተላኩ ወጣቶች ነበሩ። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ የስዊድን መኮንኖች በሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ የሆለታ እጩ መኮንኖችና በውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ወጣቶች በምዕራብ ኢትዮጵያ «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን የአርበኞች ማኅበር መሠረቱ። በዚያን ጊዜ በአገር ቤት የሚጠብቃቸው ሹመት ሳይሆን ሞት እንደ ነበረ ልብ ይባል።

ከነጻነት በኋላ ወደ ውጭ መላኩ እጅግ በዛ። በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካን መንግሥት ጋር የመከላከያ እርዳታ ውል ተፈረመ። ከዚያ ጀምሮ እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ 23 ሺህ ያህል ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ከአሜሪካውያን አሠልጣኞች ከፍተኛ ትምህርት ያገኙ ሲሆን፣ ከእነርሱም ወደ 4 ሺህ የሚሆኑት አሜሪካን አገር ድረስ ሄደው የተማሩ ናቸው። የሐረር የጦር አካዳሚ በ1950 ዓ.ም. በሕንድ መኮንኖች መሪነት ሥራ ጀመረ። በምጽዋ የተቋቋመውን ባሕር ኃይል የኖርዌይ መኮንኖች ሲያደራጁት፣ ከመኮንኖቹ አንዳንዶቹ በኢጣልያ በሊቮርኖ፣ በአሜሪካንም በአናፖሊስ ተምረዋል። በጥር 1954 ዓ.ም. ከአሜሪካን የተገኘችውና «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብና መለማመጃ ሆነች።

ከእነዚህ የተላኩት መመለስ የተለመደ፣ መቅረት ግን የሚያስገርም ነገር ነበር። ይሁን እንጂ የአሜሪካን ሀብት ያን ጊዜም ሀብት ነበር። በ1950ዎቹ ከባላገር ወጥቶ በሜሪላንድ ወይም በካንሳስ የተቀመጠ መቶ አለቃ የሚያየው ልዩነት ዛሬ ከሚታየው የሚያንስ አልነበረም። ታዲያ ያን ሁሉ አይቶ የተመለሰው ስለ ምን ነው? የሚመለስበት ነገር ስለ ነበረው ነው። ሠራዊቱ እየሰፋ ስለ ሄደ የተማረ መኮንን ማዕረግና ሥራ አያጣም ነበር። መለዮው በሕዝብ ፊት ያስከብረዋል፤ ቤተ ሰቡም ይኮራበታል።

በሰፈራችን በወጣትነታቸው በምጽዋ ያገለገሉ አንድ አዛውንት የባሕር ኃይል ሰው አሉ። በዚያን ዘመን ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ተልከው ነበር። «ጋሼ፣ ለምን ተመለሱ?» ብዬ ብጠይቃቸው ጥያቄዬ መጀመሪያ አልገባቸውም። ኋላ ግን ስቀው፣ በእርሳቸው ጊዜ «ለምን ተመለስክ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንዳልነበረ፣ የሚጠየቀው የቀረው እንደ ነበረ ነገሩኝ። አብረዋቸው ያገለገሉ ጓደኞቻቸው በኋላ ዘመን እየቀሩ ሲሄዱ ግን ሰዎች እርሳቸውን ይጠይቁ ጀመር። በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ዘመን የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ነው።

የሆነ ሆኖ የተመለሰ ሁሉ ደስ ብሎት ኖረ ማለት አይደለም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የተደረገውን የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ከመሩት አንዱ በአሜሪካን አገር የተማሩት ግርማሜ ንዋይ ነበሩ፤ ወንድማቸው ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይም የክብር ዘበኛ አዛዥ ነበሩ። ከደርግ አባላትም ቢያንስ ሃያ የሚሆኑት ከአሜሪካውያን የሠለጠኑ ሲሆኑ፣ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ራሳቸው አሜሪካን አገር ተምረው የተመለሱ ናቸው። በውጭ አገር ያየውንና በአገር ቤት ያለውን አስተያይቶ የተቈጣ ወታደር ቍጣውን ይዞ ወደ አገሩ ይመጣ ነበር ማለት ነው። በአገር ውስጥ ሆኖ ነገሩን መለወጥ ይቻላል ብሎ ያምን ነበርና።

ይህ እምነት የተሰበረው ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ነው። በዚያ ዓመት ባሕር ኃይሉ ባመፀ ጊዜ አዛዡ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ በመርከብ ወደ ጅቡቲ ሸሹ፤ ኋላ ግን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተረሸኑት ባለሥልጣኖችና መኮንኖች መካከል አንዱ እርሳቸው ሆኑ። ከዚያ በኋላ በውጭ አገር ትምህርት ቤት የተቀመጠ መኮንን የአድሚራሉን መመለስና ሞት ሰምቶ ምን ያስብ እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ቀይ ሽብር ተከተለ። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ደርግ በኢትዮጵያ የነበረውን የአሜሪካን የጦር መልእክተኞች ቡድንና በአሥመራ የነበረውን የቃኘው ጣቢያ ዘጋ። ትናንት የመንግሥቱ ወዳጅ ወደ ሆነ አገር በመንግሥት ትእዛዝ የሄደ ሠልጣኝ ዛሬ ጠላት በተባለ አገር ተቀምጦ ተገኘ፤ እርሱ ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ከዱ ከተባሉት መካከል ስንቶቹ አስቀድሞ የላካቸው መንግሥት በእግራቸው ሥር የተለወጠባቸው እንደ ነበሩ ልናስብ ይገባል። የማለው ለንጉሠ ነገሥቱ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ ግን የሉም።

በኋላም መቅረቱ ወደ ላይ ወጣ። የጦር መኮንን የነበሩትና የእርዳታ ማስተባበሪያውን ይመሩ የነበሩት ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ በ1978 ዓ.ም. በሥራ ወጥተው አሜሪካን አገር ቀሩ። እንዲሁ የጦር መኮንን የነበሩት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጎሹ ወልዴ በጥቅምት 1979 ዓ.ም. በኒውዮርክ ሥራቸውን መልቀቃቸውን አስታወቁ። በግንቦት 1981 ዓ.ም. በአገር ውስጥ ሆነው ነገሩን ለመለወጥ የሞከሩት ጄኔራሎች አንዳንዶቹ ወዲያው ሞቱ፤ አሥራ ሁለቱ በዓመቱ ተረሸኑ። እንግዲህ መመለስም፣ ተመልሶ መከራከርም የሚያስገድል ሆነ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መጨረሻው መጣ። ሌላውን ከሀዲ ሲሉ የኖሩት የአገሩ መሪ ራሳቸው አገር ጥለው ሄዱ። የባሕር ኃይሉ መርከቦች ወደ የመን ሸሹ፤ ከእነርሱም ጋር «ኢትዮጵያ» ሄደች። ስንቱን እጩ መኮንን ወስዳ የመለሰች መርከብ ራሷ ሳትመለስ ቀርታ በ1985 ዓ.ም. ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

በዚህ አሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው፣ የቀሩት የበዙት የውጭ አገር ሕግ ስለ ላላ ነው የሚል ነው። እውነት ነው፤ የአሜሪካን መንግሥት ከ1969 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያውያንን በግድ ከመመለስ ታቅቦ ነበር፤ በ1972 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ስደተኞች አዲስ ሕግ አወጣ። ነገር ግን ሕጉ የተከፈተው መከራው ስለ ታየ ነው እንጂ መከራው የመጣው ሕጉ ስለ ተከፈተ አይደለም። ሁለተኛው ተቃውሞ ሀብትን የሚመለከት ነው። ደመወዝ ማንንም እንደማይስብ መናገር ሐሰት ይሆናል። ይሁን እንጂ ሀብት ብቻውን ምክንያት ቢሆን ኖሮ በ1950ዎቹም ባስቀረ ነበር።

የሌላ አገር ምሳሌም ይህንኑ ያስረዳል። በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የአፍጋኒስታንን መልሶ ግንባታ የሚቈጣጠረው የአሜሪካን መሥሪያ ቤት ባወጣው መግለጫ፣ ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ በአሜሪካን አገር ከሥልጠና የጠፉት የውጭ አገር ወታደሮች 320 ሲሆኑ 152ቱ አፍጋኒስታናውያን ነበሩ። ከሁሉም አገር በጦርነት የተጎዳችው አገር ልጆች ግማሹን ያህል ሆኑ። መቅረታቸውን ያስረዱትም ለራሳቸውና ለቤተ ሰባቸው ሕይወት በመፍራትና ሲመለሱ ሥራቸውን እንዳያጡ በመሥጋት ነው። ሆኖም ከተላኩት 2,537 አፍጋኒስታናውያን መካከል የጠፉት ከመቶ 6 ብቻ ናቸው። የቀሩት 94ቱ ያንኑ ሀብት አይተው አልጠፉም።

በእኛም አገር ነገሩ በ1983 ዓ.ም. አልቆመም። በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. ለልምምድ በረራ የተነሣ የአየር ኃይል ሄሊኮፕተር ኤርትራ መግባቱ ይታወሳል።

ይህን ስል የቀረው ሰው ዕዳ የለበትም ማለቴ አይደለም። የተማረው ጫማ ባልነበረው ገበሬ ግብር ነው። እርሱ ሲቀር ተከታዩ ይጠረጠራል፤ ጓደኛው ከጉዞ ይታገዳል፤ በአገር ቤት ያለች እናቱ ደጅ ደጁን ስታይ ትኖራለች። በዋስ የሄደ እንደ ሆነ ደግሞ ዋሱ የማያውቀውን ዕዳ ይከፍላል። እኛ ተማሪዎች ነገ ተራችን ሲደርስ ይህን አንዘንጋ።

ነገር ግን ዋስ የሰውን እግር ይይዛል እንጂ ልቡን አይዝም። የሚላከው ሰው ለአገሩ ዋስ ሲጠራ አገሩም ለእርሱ ዋስ ልትሆነው ይገባል። ሄዶ ሳለ ሹመቱ ለሌላ እንዳይሰጥ፣ ዘመድ ወገኑ እንዳይነካ፣ ሲመለስ የተማረው ሥራ ላይ እንዲውል፣ ያየውንም ቢናገር እንዳይታሰር ዋስትና ያስፈልገዋል። በዘፍጥረት እንደ ተጻፈው ርግቢቱ የምታርፍበት አጥታ ወደ መርከቡ በተመለሰች ጊዜ ኖኅ እጁን ዘርግቶ ተቀብሏታል። ምሳሌውን ስንጠቅስ ይህችን እጅ እንረሳታለን።

ከባሕር ዳር ወደ ባሕር የሚላኩ ወጣቶች ገና ብዙ ናቸው። የሚመለሱትን ስንቆጥር የምንቀበልበትንም እጅ አብረን እንመርምር።