ጥጥና ሲሚንቶ፦ የድሬዳዋ ሜዳና የፋብሪካ ቡድኖቹ

ድሬዳዋ የባቡር ሐዲድ ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከሐረር ተራሮች ግርጌ ሲደርስ፣ ወደ ጥንታዊቱ ከተማ መውጣቱ አዳጋችና ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆኖ በመገኘቱ፣ መሐንዲሶቹ ሐረርን በተራራዋ ላይ ትተው ጣቢያቸውን በቆላው ሜዳ ተከሉ። በጣቢያው ዙሪያ የጥገና ወርክሾፕ፣ መጋዘንና የሠራተኛ ሰፈር በቀለ። ቀጥ ባሉ ጎዳናዎች የተቀየሰው ከዚራና በንግድ የደራው መጋላ፣ የደቻቱን አሸዋ መሐል አድርገው ፊት ለፊት ቆሙ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩና አርመኑ ወደዚህች ከተማ የመጣው በአመዛኙ እንጀራ ፍለጋ ነው። ስለዚህ የድሬዳዋን የኳስ ታሪክ ከሥራ ታሪኳ ነጥሎ ማየት አይቻልም።

ይህን ለመረዳት አስቀድሞ አዲስ አበባን ማየት ይጠቅማል። በ1936 ዓ.ም. በዋና ከተማዪቱ የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ የተሰለፉት አምስት ቡድኖች የየማኅበረሰባቸው ተጠሪዎች ነበሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፣ ፎርቲቱዶ የጣልያኖች ሲሆኑ አምስተኛው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበር፤ ዋንጫውንም የወሰደው ይኸው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ሰው የሚሰለፈው በትውልዱ ነበር። የድሬዳዋ ታላላቅ ቡድኖች የተደራጁበት መሠረት ግን ሌላ ነው። አንዱ የጥጥ ፋብሪካው፣ ሌላው የሲሚንቶ ፋብሪካው ነበር። ተጫዋቹ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይሆን በየትኛው በር ወደ ሥራ እንደሚገባ ነበር የሚጠየቀው።

ባለፋብሪካው ቡድን ያቋቋመው ለወዛደሩ አዝኖ ብቻ ነው ማለት የዋህነት ይሆናል። እሑድ ከሰዓት በኋላ በሜዳ ዙሪያ ሲጮህ የዋለ ሠራተኛ ሰኞ ጧት ስለ ደመወዝ ከማጉረምረም ስለ ግብ ማውራትን እንደሚመርጥ አሠሪው አሳምሮ ያውቃል። የቡድኑ ስም የምርቱ ስም መሆኑም ያለ ክፍያ የሚነገር ማስታወቂያ ነበር። ይሁንና ነገሩ በባለቤቱ ሐሳብ ልክ ተወስኖ አልቀረም። ሠራተኛው ቡድኑን የራሱ አደረገው። ከመፍተያው፣ ከመሸመኛውና ከእቶኑ የወጣው ሕዝብ «ጥጥ» ወይም «ሲሚንቶ» ብሎ ሲጮህ የሚጠራው የባለአክሲዮኑን ንብረት አልነበረም፤ የራሱን የድካም ውጤት ነበር።

ከዚህ መሠረት የተገኘው ፍሬ በአገሪቱ የኳስ መዝገብ ውስጥ ተወዳዳሪ የለውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1960 ጥጥ ማኅበር የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ። በ1961 ኢትዮ ሲሚንቶ ተከተለው። በ1962ና በ1963 ጥጥ፣ በ1964 ሲሚንቶ፣ በ1965 እንደገና ጥጥ አሸነፈ። ስድስት ዓመት በተከታታይ የአገሪቱ ዋንጫ ከአንዲት የቆላ ከተማ አልወጣም፤ የሚቀባበሉትም ሁለት ፋብሪካዎች ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት ጦሩና የኤርትራ ቡድኖች፣ በተለይም ሐማሴን፣ ዋንጫውን ሲፈራረቁበት ቆይተዋል። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዋንጫውን ወደ አዲስ አበባ የመለሰው በ1966 ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ፋብሪካ ለተጫዋች ሊሰጠው የሚችለውን ሌላው ሊሰጠው አለመቻሉ አንዱ ነው። ኳስ ብቻውን እንጀራ በማይሆንበት በዚያ ዘመን፣ ቋሚ ሥራና የወር ደመወዝ ከሩቅ አገር ተጫዋች ይስባል። በአስመራ ተወልዶ በአስመራ ሜዳዎች ያደገው ሉቻኖ ቫሳሎ ለጥጥ የተጫወተው በዚህ ዘመን ነው። የአየሩ ጠባይም ሳይረዳ አልቀረም። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከሚገኘው ደጋ ወርዶ የመጣ እንግዳ ቡድን፣ በግማሹ ከፍታ ላይ ባለው የድሬዳዋ ሐሩር ከዕረፍት በኋላ እግሩ ይከብደዋል። ሆኖም ሙቀት ብቻውን ስድስት ዋንጫ አያመጣም፤ ዋናው ነገር በአንድ ከተማ ሁለት እኩያ ቡድኖች ተገኝተው አንዱ ሌላውን እንዳይተኛ ማድረጋቸው ነው።

በዚሁ ዘመን መካከል ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም የአፍሪካ ዋንጫ የመጨረሻ ግጥሚያ ተካሄደ። ኢትዮጵያ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ረታች። ግቦቹን ያስቆጠሩት ግርማ ተክሌ፣ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ ታናሽ ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ናቸው። ዋንጫውን በአምበልነት የተቀበለው ሉቻኖ ነበር። ያ ድል ሲነሣ አዲስ አበባ ብቻ የምትታወስ ከሆነ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል፤ የቡድኑ አምበል ከሻምፒዮኖቹ ከተማ ጋር የተሳሰረ ሰው ነበርና።

በ1967 ዓ.ም. ታላላቅ ፋብሪካዎች ወደ መንግሥት እጅ ሲዛወሩ የቡድኖቹም ባለቤትነት አብሮ ተለወጠ። በዓመቱ፣ በየካቲትና በመጋቢት 1968 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስታስተናግድ አንደኛው ምድብ ለድሬዳዋ ተሰጠ። ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና የወቅቱ ሻምፒዮን ዛየር በድሬዳዋ ስታዲየም ተጋጠሙ። ዛየር በናይጄሪያ 4 ለ 2፣ በሞሮኮ 1 ለ 0 ተሸንፋ፣ ከሱዳን 1 ለ 1 ተለያይታ ከምድቡ ወደቀች። ከሱዳን ጋር 2 ለ 2 በመለያየት የጀመረችው የአህመድ ፋራስ ሞሮኮ ግን ወደ አዲስ አበባ አልፋ ዋንጫውን ወሰደች። የድሬዳዋ ሕዝብ የራሱን ብሔራዊ ቡድን በሜዳው ሳያይ የነባሩን ሻምፒዮን መውደቅና የአዲሱን መነሣት አየ። ዕድሉ እንዲህ ነበር።

ጥጥ እ.ኤ.አ. በ1983 አንድ ጊዜ ተመልሶ አምስተኛ ዋንጫውን አነሣ። ከዚያ ወዲህ የፋብሪካዎቹ ስም ከሻምፒዮኖች ዝርዝር ላይ አልታየም። አሮጌው የባቡር መሥመር አገልግሎቱን አቆመ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ ጣቢያውን ከከተማው ውጪ ነው ያደረገው። በለገሃሩ ዙሪያ የተሰባሰበው ሠራተኛ ተበተነ። በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊግ ግጥሚያዎች በዙር ወደ ድሬዳዋ ስታዲየም መጥተው በነበረ ጊዜ፣ በሊጉ ውስጥ የነበረው የአገሬው ቡድን ስሙ ድሬዳዋ ከተማ ነበር። ሉቻኖ ቫሳሎ ከአብዮቱ በኋላ ወደ ጣልያን ተሰድዶ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 በ87 ዓመቱ በዚያው አረፈ። አምስት ጊዜ ጥጥ፣ ሁለት ጊዜ ሲሚንቶ ተብሎ በሊጉ መዝገብ የተጻፈው ግን አልተፋቀም።