የባሕር ዳርቻ ወይስ መሐል አገር? የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንና «የአየር ለውጥ» ታሪክ

ለሳንባ ሕመምተኛ «አየር ለውጥ» ብሎ መምከር በአገራችንም ቢሆን እንግዳ ነገር አይደለም። ሳል የጸናበት ሰው ከደጋ ወደ ቆላ፣ ከከተማም ወደ ገጠር ዘመድ ዘንድ ሲላክ ኖሯል፤ ዛሬም በጤና ጣቢያ ደጃፍ ይህንኑ የሚጠይቅ ታማሚ አይጠፋም። በአውሮፓ ግን ይህ ምክር በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ራሱን እንደቻለ የሕክምና ዘርፍ ተቆጥሮ ብዙ መጻሕፍት ተጽፈውበታል፤ ከተሞች ሰፍተውበታል፤ ሐኪሞችም ክፉኛ ተከራክረውበታል። ሕመምተኛው ብርዳማውን አገር ትቶ ወደ ሞቃቱ መሄድ እንዳለበት ብዙዎቹ ይስማሙ ነበር። የማይስማሙት ከሄደ በኋላ በባሕር ዳርቻ ከተማ ይቀመጥ ወይስ ከባሕር በራቀ መሐል አገር በሚለው ላይ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጆን ኪትስ ከቅኔው በፊት የሕክምና ትምህርት ተምሮ ፈቃድ ያገኘ ሰው ነበር። ደም በተፋ ጊዜ የደሙን መልክ አይቶ የሚመጣበትን ለይቶ ያወቀውም በዚሁ ሙያው ነው። በ1820 ሐኪሞቹ ወደ ኢጣልያ እንዲሄድ መከሩት፤ በመርከብ ኔፕልስ ደርሶ ከዚያ ወደ መሐል አገር ወደ ሮማ ተሻገረ። በዚያም የተቀበለው ዶክተር ጄምስ ክላርክ ምግቡን እጅግ ቀነሰበት፣ ደሙንም አስፈሰሰ። ኪትስ በየካቲት 1821 በ25 ዓመቱ ሞተ። በሮማ ሕግ መሠረት የክፍሉ ዕቃ ተቃጠለ። በዚያ ዘመን በሰሜን አውሮፓ የነበሩ ሊቃውንት በሽታውን በአብዛኛው ከዘር የሚወረስ ነው ሲሉ፣ ኢጣልያና ስፔን ግን ተላላፊ ነው ብለው ሕግ አውጥተው ነበር። ሕጉን ኋላ ቀር እያሉ ያጣጣሉት የሰሜን ሰዎች በኋላ ተሳስተው መገኘታቸው የሚያስገርም ነው።

ክላርክ ወደ እንግሊዝ ከተመለሰ በኋላ በ1829 የአየር ጠባይ በጽኑ በሽታዎች ላይ ስላለው ኃይል መጽሐፍ አሳተመ። በዚህም የማዴይራን ደሴት ለሳንባ ሕመምተኛ ከሁሉ አስቀደመ፤ የኒስን አየር ግን ደረቅና ሳንባን የሚያስቆጣ አድርጎ ቆጠረው። ከእርሱ በኋላ የመጡት ሐኪሞች የየራሳቸውን ከተማ ይዘው ተነሡ። አሌክሳንደር ቴይለር በ1842 ከባሕር ርቃ በፒሬኔ ተራሮች ሥር የምትገኘውን ፖ የተባለች የፈረንሳይ ከተማ አወደሰ፤ ነፋስ የማያውካት ረጋ ያለች አገር ናት አለ። ጄምስ ሄንሪ ቤኔት ደግሞ በ1859 በሳንባ ነቀርሳ ተይዞ፣ ሞቱን እየጠበቀ፣ በሜዲትራንያን ዳርቻ ወደምትገኘው ማንቶን ሄደ። ሳይሞት ዳነ፣ መጽሐፍም ጻፈ። ከመጽሐፉ በኋላ ትንሿ ማንቶን በሰሜን አውሮፓ ሕሙማን ተጥለቀለቀች። አንድ ሐኪም በራሱ ገላ ያየውን መዳን ለሺህዎች ማዘዙ በዛሬው ሚዛን ቢመዘን ማስረጃ አይባልም፤ በዚያ ዘመን ግን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የነበራቸው ጥቂቶች ናቸው።

ከጥቂቶቹ አንዱ የለንደኑ ብሮምፕተን ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ በ1865 ሃያ ሕሙማንን መርጦ ወደ ማዴይራ ላከ። ውጤቱ ተስፋ የተጣለበትን ያህል ሳይሆን ቀረ፤ ጥቂቶቹ ተሻላቸው፣ ብዙዎቹ እንደነበሩ ሆኑ ወይም ባሰባቸው። ይሁንና ገንዘብ ያለው ሕመምተኛ ወደ ደቡብ መጓዙን አላቆመም።

በ1882 ሮበርት ኮህ የበሽታውን ባክቴሪያ ማግኘቱን ባበሠረ ጊዜ ክርክሩ ያበቃል ተብሎ ሊጠበቅ ይቻል ነበር። አላበቃም፤ መልኩን ብቻ ለወጠ። ቀድሞ ሄርማን ብሬመር በጎርበርስዶርፍ፣ ቀጥሎም ሌሎች በዳቮስ ተራራ ሳናቶሪየም አቁመው ነበርና የደረቅና የከፍታ አየር ደጋፊዎች እየበረቱ ሄዱ። ሙቀትም ድርቀትም የሚፈልግ በካይሮ አጠገብ ወዳለችው ወደ ሄልዋን ወይም በአሜሪካ ወደ አሪዞና በረሃ ይላክ ጀመር። ደራሲው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በ1873 ወደ ማንቶን፣ በ1880 ወደ ዳቮስ፣ ቀጥሎ በፈረንሳይ ደቡብ ወዳለችው ወደ ኢዬር፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ተመልሶ፣ በመጨረሻም በፓሲፊክ ውቅያኖስ ወደ ሳሞአ ሄዷል። በ1894 በዚያው ሲሞት ለሞቱ ምክንያት የሆነው ሳንባው ሳይሆን በአንጎሉ ውስጥ የፈሰሰ ደም ነበር።

የዚህን ምርጫ ክብደት ከማንም በላይ የሚያሳየው ግን የሩሲያዊው ሐኪምና ደራሲ የአንቶን ቼኾቭ ታሪክ ነው። ቼኾቭ በ1884 ከሞስኮ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቀ፤ በዚያው ዓመት ደም ተፋ። ወንድሙ ኒኮላይ በ1889 በዚሁ በሽታ ሞተ። ቼኾቭ ግን ለ13 ዓመታት ያህል ራሱን አላስመረመረም። በ1890 እስከ ሳካሊን ደሴት ተጓዘ፣ በ1892 የኮሌራ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜም በሜሊኾቮ ዙሪያ 25 መንደሮችን ያለ ደመወዝ አገለገለ። ለሌላው ሰው ወዲያው የሚያውቀውን ምልክት በራሱ ላይ ሲያይ ዝም ማለቱ በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደ ድካም ነው። በ1897 በሞስኮ ምግብ ቤት ተቀምጦ ሳለ ደሙ በብዛት ፈሰሰና የፕሮፌሰር ኦስትሮውሞቭ ክሊኒክ ገባ። የሁለቱም ሳንባዎች የላይኛው ጫፍ እንደተነካ ታወቀ፤ ደቡብ እንዲሄድም ታዘዘ።

የመጀመሪያውን የብርድ ወራት በኒስ አሳለፈ። በ1898 ወደ ያልታ ሄዶ ከከተማዋ ወጣ ባለችው በአውትካ መንደር መሬት ገዝቶ ቤት አሠራ። ያልታን የመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። የንጉሣዊው ቤተሰብ በ1860 በአቅራቢያዋ የምትገኘውን ሊቫዲያን ገዝቶ ነበር፤ የንግሥቲቱ ሐኪም ቦትኪንም የክራይሚያን ዳርቻ ለሳንባ ሕሙማን ያሞግስ ነበር። ሆኖም የያልታ የብርድ ወራት እርጥበትና ነፋስ የበዛበት ነው፤ የቼኾቭም ቤት በነዚያ ወራት ይቀዘቅዝ ነበር። በ1901 ያገባት ተዋናይት ኦልጋ ክኒፐር በሞስኮ መድረክ ላይ ስትሠራ እርሱ በያልታ ብቻውን ተቀመጠ፤ ከተማዋንም ሞቃት የግዞት ቦታ አድርጎ ይቆጥራት ነበር።

በከተማዋ ብቻውን የሚያስል ሰው ግን አልነበረም። ስሙን የሰሙ ገንዘብ የሌላቸው ሕሙማን ከመላው ሩሲያ እየመጡ ደጁን ይጠኑ ነበር። አልጋ የሚያከራያቸው ይታጣል፤ ከቤት አከራዮች ብዙዎቹ የሚያስል ሰው አይቀበሉም። ቼኾቭ ለነዚህ ሰዎች መጠለያ የሚሆን ገንዘብ በጋዜጣ ጥሪ እያደረገና ለወዳጆቹ እየጻፈ አሰባሰበ፣ ከራሱም ጨመረ። የአየር ለውጥ የታዘዘለት ድሃ ወጪውን ማን እንደሚሸፍንለት አዛዡ ሐኪም ብዙ ጊዜ አልጠየቀም።

ከዚያም መሐል አገርን ሞከረ። በ1901 ከሠርጉ በኋላ በሐኪም ትእዛዝ ከባሕር እጅግ ወደራቀው ወደ ኡፋ ሜዳ፣ ወደ አክስዮኖቮ ሄዶ ኩሚስ የተባለውን የፈረስ ወተት እርሾ ጠጣ። ክብደቱ ጨመረ፤ ነገር ግን ስለሰለቸው ከታዘዘለት ጊዜ ቀድሞ ተመለሰ። በ1903 ኦስትሮውሞቭ እንደገና መርምሮት የቀኝ ሳንባው እጅግ መጎዳቱን ነገረው፤ የብርዱን ወራት በያልታ እንዳያሳልፍና በሞስኮ አጠገብ በገጠር ቤት እንዲቀመጥም አዘዘው። የያልታ ሐኪሙ አልትሹለር፣ እርሱም ራሱ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ የነበረ፣ ይህን ምክር ፈጽሞ ተቃወመ፤ ወደ ሞስኮ የሚደረገው እያንዳንዱ ጉዞ ሕመሙን እንዳባባሰው ያምን ነበርና። ሁለት የተማሩ ሐኪሞች በአንድ ሳንባ ላይ ተቃራኒ ፍርድ ሰጡ። ቼኾቭም ኦስትሮውሞቭ እውነት ካለው አራት የብርድ ወራት በያልታ ለምን እንደተቀመጠ ለእኅቱ በምሬት ጻፈላት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ሞስኮ ሄደ፤ በሐምሌ 1904 በጀርመን ባደንቫይለር በ44 ዓመቱ ሞተ።

ኦስትሮውሞቭ ወይስ አልትሹለር ትክክል ነበር ብሎ መፍረድ ዛሬ ጥቅም የለውም። ሁለቱም በእጃቸው መድኃኒት አልነበረም። አንዳንድ ሰው በማንቶንም በዳቮስም የዳነው ምናልባት ዕረፍት ስላገኘ፣ በቂ ምግብ ስለበላና በሽታው በአንዳንዱ ገላ ላይ በራሱ ስለሚረግብ ይሆናል።

ጥያቄው መልስ ያገኘው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ቦታውም ሞቃትና እርጥበታም የሆነችው የሕንድ የባሕር ዳርቻ ከተማ ማድራስ ነበረች። ስትሬፕቶማይሲን በ1943 ተገኝቶ፣ አይሶኒያዚድ በ1952 ለሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ውሎ ነበር። በ1956 የሕንድ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት፣ የማድራስ ክፍለ ሀገር መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በጋራ አንድ ማዕከል አቋቋሙ። ዋላስ ፎክስ የመራው ቡድን 193 ድሆች ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ሁሉም አይሶኒያዚድና ፓስ ለአንድ ዓመት ወሰዱ። ግማሾቹ በሳናቶሪየም ተኝተው ዕረፍትና የተሻለ ምግብ አገኙ፤ ሌሎቹ በተጨናነቀ ቤታቸው፣ በዚያው በለመዱት አየርና በጎደለ ምግብ ቀሩ። በዓመቱ መጨረሻ ባክቴሪያው የጠፋላቸው በሳናቶሪየም 92 በመቶ፣ በቤታቸው 86 በመቶ ሆነው ተገኙ። ለመቶ ዓመት የተነገረለት ዕረፍት፣ ምግብና አየር ሁሉ ተደምሮ ያስገኘው ብልጫ ይህን ያህል ብቻ ነበር። በቤት ከታከሙት ጋር የኖሩ ቤተሰቦችም በሳናቶሪየም ከታከሙት ቤተሰቦች ይልቅ በበሽታው አልተያዙም፤ ዋናው የመተላለፍ አደጋ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የነበረው ነውና። ውጤቱ በ1959 ታተመ።

ከዚያ ወዲህ ሳናቶሪየሞች አንድ በአንድ ተዘጉ፤ የዳቮሱ ሻትሳልፕ በ1950ዎቹ ሆቴል ሆነ። በአዲስ አበባ በእንጦጦ ተዳፋት ላይ ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የተቋቋመው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ግን በሩን አልዘጋም። መድኃኒት የተላመደውን የሳንባ ነቀርሳ ማከም በኢትዮጵያ የተጀመረው በ2009 በዚሁ ሆስፒታል ነው፤ ሕሙማኑም ከቆላውም ከደጋውም ወደዚያ የወጡት መድኃኒቱ ያለው እዚያ ስለነበረ ነው።