ውጫሌን ካናዳ ውስጥ አገኘሁት

ከካናዳ ከተመለስኩ ወዲህ «ፎቶ ልቀቅ እንጂ» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ፎቶው ይደርሳል። መጀመሪያ ግን አንድ የቆየ ዕዳ አለብኝ፣ እሱን ልክፈል። ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ዕዳው እንዲህ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት ግድም ተማሪዎቼን ይዤ ይስማ ንጉሥ ወጥተን ነበር፤ የውጫሌ ውል የተፈረመበት ቦታ ማለት ነው። እንደ ልማዴ አንቀጽ 17ን አስረዳሁ። አማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለመገናኘት በጣሊያን በኩል መሄድ «ይቻላቸዋል» ይላል፣ ጣሊያንኛው ግን ግዴታ ያደርገዋል። በመጨረሻም «ነቃንባቸው፣ አድዋ ላይም ቀደድነው!» ብዬ ደመደምኩ። ተጨበጨበ። አንዲት ልጅ ግን እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ አድዋ ላይ ባናሸንፍ ኖሮ ትክክሉ የጣሊያንኛው ይሆን ነበር?» አለችኝ። እኔም «ታሪክ ‹ቢሆን ኖሮ› የሚባል ነገር አያውቅም» ብዬ አለፍኳት። ክፍሉ ሳቀ፣ እሷ አልሳቀችም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንዲያ ያልኩት መልስ ስላልነበረኝ ነው።

መልሱን ያገኘሁት ዘንድሮ፣ ጨርሶ ባላሰብኩት ቦታ ነው።

ታላቅ እህቴ ፕሪንስ አልበርት በምትባል ከተማ፣ አረጋውያንን የሚንከባከብ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ከተማዋ ያለችው ሳስካችዋን የሚባለው ክፍለ ግዛት ውስጥ ነው። ሕዝቧ 37 ሺህ ቢሆን ነው። ከሳስካቱን ተነስታችሁ ወደ ሰሜን ስትነዱ የስንዴ ማሳው ዓይን እስኪታክት ይዘረጋል፤ ፕሪንስ አልበርት ስትደርሱ ሜዳው ያልቅና ጫካው ይጀምራል። ሰሜን ሳስካችዋን የሚባል ትልቅ ወንዝ መሃሏን አቋርጦ ይሄዳል። «እትዬ፣ ምን ታሳይኛለሽ?» ብላት «እዚህ ምን የሚታይ አለ ብለህ ነው፣ ወንዝና እስር ቤት ነው» አለችኝ። ውሸቷን አይደለም፣ ከ1911 ጀምሮ የቆመ ትልቅ የፌደራል ወህኒ ቤት አለ። (ከዚህ በኋላ ካልነገርኳችሁ በቀር ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆች ነው።)

ግን የታሪክ መምህር ዝም ብሎ አይቀመጥም። ጠያየቅኩ፣ ሙዚየም ገባሁ። ለካ ከዚህች ትንሽ ከተማ ጋር ሦስት የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ይያያዛሉ። ዊልፍሪድ ሎሪየር በ1896 ከዚህ አካባቢ ተመርጦ ነበር፣ እሱ ግን ኩቤክ ያሸነፈውን ወንበር መረጠ። ማኬንዚ ኪንግ ከ1926 እስከ 1945 የዚህች ከተማ ተወካይ ነበር። ጆን ዲፈንቤከር ደግሞ እዚሁ የኖረ ጠበቃ ነው፤ ቤቱ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል፣ መኪና የሚያልፍበት ድልድይም በስሙ ይጠራል።

ይበልጥ የያዘኝ ግን የከተማዋ ስም ነበር። በ1866 ጄምስ ኒዝቤት የሚባል ሚስዮናዊ መጣና ቦታውን «ፕሪንስ አልበርት» አለው፣ በንግሥት ቪክቶሪያ ባል ስም መሆኑ ነው። ከእሱ አራት ዓመት ቀድሞ ጄምስ ኢዝቢስተር የሚባል ሜቲ ሰው እዚያ እያረሰ ነበር። (ሜቲ የሚባሉት ከነባር ሕዝቦች እናቶችና ከአውሮፓውያን አባቶች ዘር የመጡት ናቸው።) ከሁለቱም በፊት ክሪ የሚባሉት የአገሩ ሰዎች ቦታውን «ኪስታፒናኒክ» ይሉት ነበር፤ ደህና ማረፊያ፣ መገናኛ እንደማለት ነው። ዛሬም ይሉታል። ሱፐርማርኬት ውስጥ ወረፋ ይዛችሁ ክሪኛ ሲወራ ልትሰሙ ትችላላችሁ።

ቪክቶሪያ የምትለዋን ስም ያዙልኝ። ለአፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ መልስ በመስጠት የዘገየችው ይህችው ንግሥት ናት። ምኒልክ ዘውድ መጫናቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት ሲያሳውቁ «በጣሊያን በኩል ነው የምንገናኘው» የሚል መልስ ከሰጧቸው አንዷም እሷው ናት። የአንቀጽ 17 ነገር የታወቀው ያኔ ነው።

አንድ ቅዳሜ እህቴ ፈቃድ ወስዳ ፎርት ካርልተን ወደሚባል ቦታ ወሰደችኝ። ከፕሪንስ አልበርት በመኪና አንድ ሰዓት ግድም ነው። የድሮ የቆዳ ንግድ ምሽግ ነበር፣ በ1885 ተቃጥሎ በኋላ እንደገና የተሠራ። የእንጨት አጥር፣ ጥቂት ቤቶች፣ ከአጥሩ ውጪ የቆዳ ድንኳን የሚመስሉ ቲፒዎች፣ ወረድ ብሎ ወንዙ። ነሐሴ 1876 ላይ ስድስተኛው ውል የተፈረመው እዚያ ነው።

ማብራሪያውን ሳነብ ምን ልበላችሁ፣ ይስማ ንጉሥ የቆምኩ መሰለኝ።

በአንድ በኩል በቪክቶሪያ ስም የመጣው የመንግሥት ተወካይ አሌክሳንደር ሞሪስ፣ በሌላ በኩል የክሪ አለቆች ሚስታዋሲስና አታካኩፕ ተቀመጡ። ጊዜው ክፉ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፈንጣጣ ሕዝቡን ጨርሶታል፤ ምግባቸውም ልብሳቸውም የሆነው ቢሰን፣ የዚያ አገር ጎሽ በሉት፣ እየጠፋ ነው።

እነዚህ ሰዎች ግን ሞኞች አልነበሩም። መንግሥት ሁለት አስተርጓሚ ይዞ ሲመጣ «እኛም የራሳችን ሰው አለን» ብለው ፒተር ኢራስመስን አቀረቡ። ኢራስመስ በትዝታው እንደተረከው፣ አንዱ የመንግሥት አስተርጓሚ የሌላ አካባቢ ክሪኛ ሲቀላቅልባቸው አስቁመውታል። ተከራክረውም በቀደሙት ውሎች ያልነበሩ ነገሮችን አስጨመሩ፦ ረሃብ ወይም ወረርሽኝ ሲመጣ እርዳታ እንዲሰጥ፣ የመድኃኒት ሳጥን እንዲቀመጥ።

እንግሊዝኛው ጽሑፍ ግን መሬታቸውን «ለቀዋል፣ አስረክበዋል» ይላል። ሽማግሌዎቹ ለልጅ ልጆቻቸው ያወረሱት ቃል ሌላ ነው፦ መሬቱን ልንካፈል ተስማማን፣ የሰጠነውም ማረሻ የሚደርስበትን ያህል ነው። አንድ ውል፣ ሁለት ንባብ። አንቀጽ 17 ማለት እኮ ነው!

ሌላም አለ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ የካናዳ ፓርላማ ነባር ሕዝቦችን በሞግዚት እንደሚተዳደር ልጅ የሚቆጥር ሕግ አውጥቶ ነበር። ከአራት ወር በኋላ ካርልተን ላይ ሲደራደሩ ግን ስለዚያ ሕግ አልተነገራቸውም።

ከዚያስ? ቢሰኑ አለቀ፣ ረሃቡ መጣ፣ ቃል የተገባው እርዳታም ተቆጠበ። በ1885 ሜቲዎች በሉዊ ሪኤልና በጋብሪኤል ዱሞን መሪነት ተነሱ። መጋቢት ላይ ደክ ሌክ ከተዋጉት ውስጥ የፕሪንስ አልበርት በጎ ፈቃደኞችም ነበሩ፣ ዘጠኙ እዚያው ቀሩ። ግንቦት ላይ ባቶሽ ወደቀች። ኅዳር ላይ ሪኤል ተሰቀለ፣ በዚያው ወር ስምንት ነባር ሰዎች ባትልፎርድ ላይ በአንድ ቀን ተሰቀሉ። ሚስታዋሲስና አታካኩፕ ቃላቸውን ጠብቀው አመፁ ውስጥ አልገቡም ነበር። ያም ሆኖ ከ1885 በኋላ ነባር ሰው ከተከለለለት መሬት ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ተጠየቀ፤ ታማኝና አመፀኛ አልተለየም። መብታቸውን ሳይተዉ በፌደራል ምርጫ ድምፅ መስጠት የቻሉት ያ የፕሪንስ አልበርቱ ዲፈንቤከር ጠቅላይ ሚኒስትር ሳለ፣ በ1960 ነው። ከውሉ 84 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በውሉ የተጻፈው ዓመታዊ ክፍያ ለአንድ ሰው 5 ዶላር ነበር፤ ዛሬም 5 ዶላር ነው። እህቴ «ቡናና አንድ ዶናት» አለችኝ።

አጥሩን ተደግፌ ስለ ራሴ አፈርኩ። ለስንት ዓመት «እኛ ነቃን» እያልኩ አስተምሬያለሁ። የተነጠቀው ሁሉ ያልነቃ ነው ማለቴ እኮ ነው። የክሪ አለቆችም ነቅተዋል። ምኒልክ የነበራቸውና እነሱ ያልነበራቸው ሌላ ነገር ነው፦ የሚያርስና የሚዘምት ብዙ ሕዝብ፣ ከራሱ ከጣሊያን ሳይቀር የተገዛ ጠመንጃ፣ በማኅተም የተቀመጠ የአማርኛ ጽሑፍ። በኛ አቆጣጠር በ1881 ተፈርሞ በ1888 አድዋ ላይ የተዘጋው ነገር፣ እዚያ እስካሁን አልተዘጋም።

ታዲያ ያንቺ ጥያቄ፣ ልጄ (አሁን ትልቅ ሰው ሆነሻል፣ ይቅርታ)። ባናሸንፍ ትክክሉ የጣሊያንኛው ይሆን ነበር? አይሆንም። ግን ለመቶ ዓመት የሚነበበው እሱ ብቻ ይሆን ነበር። የኛን ንባብ የሚጠብቅልን የአያቶቻችን አፍ ብቻ ይሆን ነበር።

የክሪዎቹን ንባብ የጠበቀው ይኸው አፍ ነው። የ1982ቱ የካናዳ ሕገ መንግሥት የውል መብቶቻቸውን እውቅና ሰጠ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ከ1980ዎቹ ጀምሮ እንዲህ ያለ ውል ነባሮቹ ሲፈርሙ በተረዱት መንገድ ጭምር መነበብ እንዳለበት፣ አሻሚ ቃልም ለእነሱ እንዲተረጎም ወሰነ። በ1997 የአፍ ታሪክ ማስረጃ ሆኖ ሊመዘን እንደሚገባ አለ። ይህ መሬቱን መለሰላቸው ማለት አይደለም። ግን ሽማግሌ ለልጅ ልጁ የነገረው ቃል ዳኛ ፊት ቆመ።

እንደ መምህር የከበደኝ የመጨረሻው ነው። ልጆቹን ከወላጆቻቸው ነጥለው፣ በቋንቋቸው እንዳይናገሩ እየከለከሉ የሚያሳድጉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። አንዱ ፕሪንስ አልበርት ውስጥ ነበር። ያን ቃል የተሸከመውን ቋንቋ ሊያጠፋ የተሠራው፣ እንደኔ ጠመኔ የያዘ ሰው ያለበት ቤት ነው። ቋንቋው ግን አልጠፋም፤ ሱፐርማርኬት ወረፋ ላይ በጆሮዬ ሰማሁት።

ስለዚህ ለድሮ ተማሪዎቼ አንድ የቤት ሥራ። ሁላችሁም ስልክ አላችሁ። በዚህ ወር አያታችሁ ወይም የሠፈራችሁ ሽማግሌ አጠገብ ቁጭ በሉና አንድ ነገር ጠይቋቸው፤ ስለ መሬት፣ ስለ ዳኝነት፣ ስለ ስደት፣ ስለፈለጋችሁት። ድምፃቸውን ቅዱ። ስም፣ ቦታና ቀን ጻፉበት። ወደኔ መላክ የፈለገ ኢንቦክስ ክፍት ነው።

አንቺ ያልሳቅሽውም ይህን ካነበብሽ ጻፊልኝ። ያኔ ስላለፍኩሽ ይቅርታ።