ዳገትና ሞተር፦ ከአዲስ ዓለም መንገድ እስከ ፓይክስ ፒክ

ከጊንጪ ተነስታችሁ ወደ ደንዲ ሐይቅ በመኪና ወጥታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ወጥተናል። ወጥተናል ስንል ግማሹን በመኪና፣ ግማሹን በመግፋት ነው። ሹፌሩ አንደኛ ማርሽ አስገባ፣ ረዳቱ ታኮ ይዞ ዘለለ፣ ሞተሩ ግን አቃሰተ። «ሞተርም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል» አለን ሹፌሩ። ያን ቀን ሳቅን፤ ኋላ ስናነብ ግን እውነቱን ነበር።

ሐይቁ ያለው ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። ሞተር ደግሞ ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ነውና አየር ሲያንሰው ጉልበቱም ያንሳል።

እኛ ከዳገት ጋር የተያያዝነው ዛሬ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ አፄ ምኒልክ ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም መንገድ አሠሩ፤ ዛሬ ወደ አምቦ ስንሄድ የምናልፈው በዚያው አቅጣጫ ነው። አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣውን የመንገድ መዳመጫ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አለው። እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ደግሞ በ1907 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ከለንደን ተነስቶ ለንጉሡ መኪና አመጣ። መንገድ በሌለበት ዳገት ያን መኪና ያሻገረው ከሞተሩ ይልቅ የሰውና የገመድ ጉልበት ነበር።

በዚያው ዘመን አሜሪካኖች ዳገቱን ጨዋታ አደረጉት። ስፔንሰር ፔንሮዝ የተባለ ሀብታም በኮሎራዶ ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ መንገድ አሠርቶ፣ መንገዱን ለማስተዋወቅ በ1916 ውድድር ጀመረ። መነሻው ከደንዲ ሐይቅ ከፍታ ብዙም አይርቅም፤ መድረሻው ግን 4,302 ሜትር ነው፤ ወደ ራስ ዳሸን የተጠጋ! 20 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 156 መታጠፊያ፣ ዳር ዳሩ ገደል። የመጀመሪያው አሸናፊ 20 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ፈጀበት።

እንግዲህ መሐንዲሶች የራሊ መኪኖችን እንደ አዲስ መሥራት የጀመሩት ለዚህ ነው። ለሳሳው አየር መድኃኒቱ ተርቦ ሆነ፤ አየሩን ጨምቆ ለሞተሩ ያጎርሰዋል። ለጠጠሩ አራቱም ጎማ እንዲጎትት ተደረገ። መኪናውን ወደ መሬት የሚጫን ትልልቅ ክንፍም ተገጠመ። በ1985 ፈረንሳዊቷ ሚሼል ሙቶን በአውዲ ኳትሮ 11 ደቂቃ ከ25 ሰከንድ ገብታ ክብረ ወሰን ሰበረች። «መኪና የወንድ ነው» ለሚሉን ወንድሞቻችን ይድረስልን!

ግን ጉልበት ዋጋ ያስከፍላል። «ግሩፕ ቢ» የሚባሉት እነዚህ ኃይለኛ የራሊ መኪኖች ሰው ጨረሱ። በግንቦት 1986 ሄንሪ ቶይቮነንና ረዳቱ ሰርጂዮ ክሬስቶ በኮርሲካ ራሊ ገደል ገብተው ሲሞቱ፣ መኪኖቹ ከቀጣዩ ዓመት ጀምሮ ከዓለም ሻምፒዮና ታገዱ። ተራራው ግን አልከለከላቸውም፤ በ1988 አሪ ቫታነን በፔዦ 405 ወደ 10 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ አወረደው። መንገዱ በሙሉ አስፋልት ከለበሰ በኋላ፣ በ2013 ሴባስቲያን ሎብ 875 ኪሎ በምትመዝን ባለ 875 ፈረስ ጉልበት ፔዦ 8 ደቂቃ ከ13 ሰከንድ ገባ።

ይሄን ሁሉ የሰበረው ግን ጭራሽ የማይተነፍስ መኪና ነው። በ2018 ሮማን ዱማ በኤሌክትሪክ ፎልክስቫገን 7 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ጨረሰ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይፈልግም፤ ስለዚህ ጫፍ ላይም ጉልበቱ ያው ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። አገራችን በ2024 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላለች። ክርክሩ ሁሉ ስለ ዋጋና ስለ ምንዛሪ ሆነ፤ ስለ ዳገታችን ግን ሲነሳ ብዙም አልሰማንም። በከፍታ ለሚኖር ሕዝብ የማይተነፍስ ሞተር ቅንጦት አይደለም። ነገር ግን ቻርጅ ማድረጊያው አዲስ አበባ ላይ ተከማችቶ ከቀረ፣ ደንዲ ላይ መኪናዋን የሚገፋት ያው እንደ ጥንቱ ሰው ነው።

ታኮው ለጊዜው አይጣል።