ከአዋጅ እስከ አውድማ



መልካም አሳብ በወረቀት ላይ ሲሰፍር ያምራል፤ የሚፈተነው ግን ገበሬው አውድማ ሲደርስ ነው። ለዚህም የጎጃም ታሪክ ምስክር ይሆነናል።

በ1960 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 255 አሥራት ቀርቶ በምትኩ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር እንዲከፈል ተደነገገ። ሁሉም እንደ ገቢው መጠን ይክፈል የሚለው አሳብ ትክክለኛ ነበር። ነገር ግን የጎጃም ገበሬ ገማቾቹን ባየ ጊዜ የታሰበው ቃላድ ነው፤ መሬቱ ተለክቶ ከአያት ከቅድመ አያቱ የወረሰውን ርስት የሚያጣ መስሎት ሠጋ። ሹማምንቱንም አያምናቸውም ነበር። ስለዚህ በሞጣና በሌሎችም ሥፍራዎች ዐመፅ ተነሣ፤ ጦር ዘመተ፤ ሕይወትም ጠፋ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ራሳቸው ወደ ጎጃም ሄደው ውዝፉን ግብር ማሩ። መልካሙ አሳብ በዚያ አገር ፍሬ ሳያፈራ ቀረ።

እንግዲህ ዛሬ በቁይም ሆነ በደብረ ማርቆስ መመሪያ የሚደርሰው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ትእዛዙን ከማስፈጸሙ አስቀድሞ ሕዝቡ የሚሠጋበትን ነገር ጠይቆ ይወቅ፤ ሥጋቱንም በግልጽ አስረድቶ ያስወግድ። አዋጅ በነጋሪት ይነገራል፤ የሚጸናው ግን በመተማመን ነው።